ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፦ ሁለተኛው መቼ ዋጋ አለው?

እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የወጣው ፖርሸ 964 በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ የተገጠሙለት ካንዴላዎች (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ግን አሥራ ሁለት ነበሩ። እርሱ የተካው ባለ 3.2 ሊትር ካሬራ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ካንዴላ ብቻ ይዞ፣ በ10.3 ለ 1 የኮምፕሬሽን ምጣኔ (የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ የሚጨመቅበት ልክ) 231 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በ964 የሲሊንደሩ ስፋት ከ95 ወደ 100 ሚሊ ሜትር አደገ፣ ኮምፕሬሽኑም 11.3 ለ 1 ደረሰ፤ ጭስ ማውጫው ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተጭኖበት እንኳ ሞተሩ 250 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ይኸው ፋብሪካ በ1997 በውኃ የሚቀዘቅዘውን 996 ሲያቀርብ ግን ወደ አንድ ካንዴላ ተመለሰ። የአዲሱ ሞተር ኮምፕሬሽን ያው 11.3 ለ 1 ነው፤ ይዘቱ ከ3.6 ወደ 3.4 ሊትር ቢቀንስም ጉልበቱ 300 ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው ካንዴላ ጉልበት የሚጨምር ነገር ከነበረ ለምን ተተወ? የማይጨምር ከነበረስ መጀመሪያ ለምን ተጨመረ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዙት አሮጌ ሞተሮች ዋጋቸው እየናረ ስለ መጣ እንደገና ፈትቶ የሚገነባቸው ሰው በዝቷል፤ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ የብልጭታ መሣሪያዎችም በአንጻሩ እየረከሱ ስለ መጡ፣ ድሮ የውድድር ቡድኖች ብቻ ይችሉት የነበረው የሁለት ካንዴላ ሥራ ዛሬ ማንኛውም ደህና ጋራዥ የሚያቀርበው አገልግሎት ሆኗል። ከዚህም የተነሣ ሥራው በሚያስፈልገውም በማያስፈልገውም ሞተር ላይ እየተሠራ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሁለተኛው ካንዴላ ወደ ሲሊንደሩ ተጨማሪ አየርም ተጨማሪ ቤንዚንም አያስገባም፤ የሚሠራው የማቃጠያ ክፍሉ ቅርጽ የፈጠረውን የጊዜ ችግር ማቃለል ነው፤ ችግሩ በሌለበት ሞተር ላይ ሲገጠም ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል።

የጊዜው ችግር ምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ቤንዚን በጤናማ ሞተር ውስጥ ባንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ከካንዴላው ጫፍ የተነሣው ነበልባል ድብልቁን እየበላ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይጓዛል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 100 ዙር ይዞራል፤ የዙሩ አንድ አሥረኛ ማለትም 36 ዲግሪ የሚያልፈው እንግዲህ በሰከንድ አንድ ሺኛ ውስጥ ነው። ነበልባሉ በዚህች ቅጽበት አብዛኛውን ሥራውን መጨረስ አለበት። ሞተሩ ከፍተኛውን ጉልበት የሚሰጠው የሲሊንደሩ ግፊት ጣሪያ ላይ የሚደርሰው ፒስተኑ የላይኛውን ጫፍ ነክቶ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ያህል ከወረደ በኋላ ሲሆን ነውና፣ ቃጠሎው ቀርፋፋ በሆነ መጠን ብልጭታውን ማስቀደም ግድ ይላል። ሰፊ ሲሊንደርና ሁለት ቫልቭ ያለው፣ ካንዴላው ወደ ጎን የተገፋ ሞተር ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ቀድሞ ብልጭታ ይፈልጋል።

ማስቀደም በነጻ የሚገኝ ነገር አይደለም። ብልጭታው ከተነሣ ጀምሮ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ከላዩ ደግሞ መቃጠል የጀመረው ጋዝ ወደ ታች ይገፋዋል። ፒስተኑ ይህን ግፊት አሸንፎ ለመውጣት የሚያወጣው ጉልበት ከሌሎቹ ሲሊንደሮች በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በኩል የሚመጣ ስለሆነ፣ ከጎማው ላይ የተቀነሰ ጉልበት ነው። ቃጠሎው ፈጣን ቢሆን ኖሮ ብልጭታውን ዘግየት ማድረግ ይቻል፣ ኪሣራውም በዚያው ልክ ያንስ ነበር።

እዚህ ላይ የቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው፣ ቫልቮቹንና ካንዴላውን የያዘው ክፍል) ቅርጽ ዋናው ጉዳይ ይሆናል። በግማሽ ክብ የማቃጠያ ክፍል ሁለት ትልልቅ ቫልቮች ፊት ለፊት ተጋድመው ስለሚቀመጡ ጥሩ አየር ያስገባሉ፤ ነገር ግን የመካከሉን ቦታ ይዘው ካንዴላውን ወደ ጠርዝ ይገፉታል። ከዚያ ጠርዝ የተነሣ ነበልባል እስከ ማዶው ግድግዳ የሲሊንደሩን ስፋት አብዛኛውን ክፍል ማቋረጥ አለበት። በዚህ ላይ የግማሽ ክብ ክፍል ይዘቱ ሰፊ ስለሆነ ኮምፕሬሽኑን ከፍ ለማድረግ የሚፈልግ ገንቢ ፒስተኑ ላይ ጉብታ ያወጣል። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉብታው ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ለድብልቁ የሚተርፈው ቦታ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ስስና የተጠማዘዘ ይሆናል። ነበልባሉ ጉብታውን ዙሮ ማለፍ አለበት፣ በግራና በቀኝ ያለው ብረት ሙቀቱን ይነጥቀዋል፣ የድብልቁ ሽክርክሪትም ይሞታል። ኮምፕሬሽን ለማሳደግ የተደረገው ጥረት ራሱ የነበልባሉን መንገድ ያበላሻል ማለት ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፒስተን በመቀየር ብቻ የተጠበቀው ጉልበት ሳይገኝ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጥፋቱን ካርቡራቶሩ ላይ ይፈልጋል።

ሁለተኛውን ካንዴላ በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ስናስቀምጥ ሁለት ነበልባሎች ከሁለት ወገን ተነሥተው ጉብታው አካባቢ ይገናኛሉ፤ አንዱ ነበልባል ብቻውን ይጓዝ የነበረው ርቀት ለሁለት ይካፈላል። 34 ዲግሪ ይፈልግ የነበረ ሞተር ከዚህ በኋላ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይረካል። ከስድስት እስከ አሥር ዲግሪ ማትረፍ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ለሞተር ገንቢ ግን ትልቅ ርስት ነው።

ከዚህም የሚበልጠው ጥቅም ማንኳኳትን የሚመለከተው ነው። ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የመጨረሻው ድብልቅ ከኋላው በሚመጣው ግፊት እየተጨመቀና እየጋለ ይጠብቃል፤ ጥበቃው ከረዘመ ነበልባሉ ሳይደርስ ራሱን ያቃጥላል። ያን ጊዜ የሚሰማው የብረት ድምፅ ፒስተን የሚበሳ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚሰብር ጉዳት መነሻ ነው። ማንኳኳት የሙቀትና የግፊት ብቻ ሳይሆን የጊዜም ጉዳይ ስለሆነ፣ ሁለት ካንዴላ ያለው ሞተር የመጨረሻውን ድብልቅ ቶሎ ስለሚደርስበት በዚያው ኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን በሚቋቋምበት ልክ) ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ይችላል። ገንቢዎች ከልምድ ተነሥተው ይህን አንድ ሙሉ ነጥብ ያህል ይገምቱታል፤ በ9.5 ይሠራ የነበረው 10.5 ይደርሳል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ አንድ ነጥብ በፈረስ ጉልበት ምን ያህል ነው? የቤንዚን ሞተር መሠረታዊ ቀመር እንደሚያሳየው ኮምፕሬሽን ከ9.5 ወደ 10.5 ሲያድግ የሞተሩ ብቃት በ3 ከመቶ ገደማ ይሻሻላል። 250 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ ይህ ሰባት ወይም ስምንት ማለት ነው። ብልጭታውን በማዘግየት ከተቀነሰው ኪሣራ ጥቂት ሲጨመርበት ድምሩ ጥሩ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ሁለተኛ ካንዴላ ብቻውን ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ሰጠኝ የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ በዚያው ጊዜ ፒስተኑን፣ አልቤሮካሙን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካሙን) እና የጭስ ማውጫውን መቀየር አለመቀየሩን መጠየቅ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ቀይሯል።

ውጤቱን ለብቻው ነጥሎ የሚያሳይ ነገር ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ትናንሽ አውሮፕላኖች መሄድ ይችላል። ባለ ፒስተን የአውሮፕላን ሞተሮች አንዱ ማግኔቶ (ብልጭታውን የሚያመነጨው መሣሪያ) ቢበላሽ ሌላው እንዲያሳርፍ ተብለው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አላቸው፤ አብራሪውም ከመነሣቱ በፊት ሁለቱን ማግኔቶዎች ተራ በተራ እያጠፋ ይፈትናል። ሞተሩ በደቂቃ ከ1,700 እስከ 2,000 ዙር እየዞረ አንዱ ሲጠፋ የዙር መቁጠሪያው መርፌ በመቶ ዙር አካባቢ ዝቅ ይላል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት እስከ 150 ወይም 175 ድረስ ቢወርድ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። አየሩ፣ ነዳጁ፣ የማራገቢያው ጭነት ያው ነው፤ የተለወጠው የነበልባሉ መንገድ ብቻ ነው። እንዲያውም መርፌው ጨርሶ ካልወረደ መካኒኩ ይጠራጠራል፤ ማግኔቶው በትክክል አልጠፋም፣ ወይም ብልጭታው ያለ ልክ ቀድሟል ማለት ሊሆን ይችላልና።

ይሁን እንጂ ይህን ፈተና ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ሞተሮች ላይ ብልጭታው በ25 ዲግሪ ወይም በአቅራቢያው ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ አንዱ ካንዴላ ሲጠፋ የቀረው አንድ ነበልባል ተጨማሪ ዲግሪ ቢፈልግም የሚሰጠው የለም። ስለዚህ የሚታየው ቅናሽ በሁለቱ አሠራሮች መካከል ካለው እውነተኛ ልዩነት ይበልጣል። በዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ) ላይ አንደኛውን ረድፍ ካንዴላ ነቅለው ጉልበቱ ይህን ያህል ወረደ እያሉ የሚያሳዩ ሰዎችም የሚሠሩት ስሕተት ይኸው ነው። ፍትሐዊ ንጽጽር የሚሆነው ለአንድ ካንዴላም ለሁለት ካንዴላም የየራሱ ምርጥ ዲግሪ ተፈልጎ ሲለካ ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ይጠባል፣ ግን አይጠፋም።

የውድድር ሞተሮች ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1950ዎቹ የነበረው ማሴራቲ 250ኤፍ፣ በ1965 የወጣው አልፋ ሮሜዮ ጂቲኤ፣ በ1966 የወጣው ፖርሸ 906 ሁሉም ሁለት ቫልቭ፣ ግማሽ ክብ ክፍልና ሁለት ካንዴላ ነበራቸው። ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የ1973ቱ ጥንድ ነው። በዚያ ዓመት ለመንገድ የተሸጠው ካሬራ አርኤስ 2.7 የ90 ሚሊ ሜትር ሲሊንደርና 8.5 ለ 1 ኮምፕሬሽን ይዞ በአንድ ካንዴላ 210 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ የዳይቶናን የ24 ሰዓት ውድድር በአጠቃላይ ያሸነፈው የውድድር ወንድሙ አርኤስአር 2.8 ግን ሲሊንደሩ 92 ሚሊ ሜትር፣ ኮምፕሬሽኑ 10.3 ለ 1 ሲሆን ሁለት ካንዴላ ተገጥሞለት 300 ገደማ አወጣ። መሐንዲሶቹ ሁለተኛውን ካንዴላ ያመጡት ኮምፕሬሽኑና የካሙ ጠባይ ሲጠይቅ እንጂ ለጌጥ አልነበረም። ረዥም ጊዜ ቫልቮቹን አብረው የሚከፍቱ የውድድር ካሞች በዝቅተኛ ዙር የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሲሊንደሩ መልሰው ያስገባሉ፤ በእንዲህ ያለ የተበከለ ድብልቅ ውስጥ አንዱ ብልጭታ ቢከሽፍ ሌላው ይይዛል። ቢኤምደብሊው በ2003 አር 1150 ሞተር ብስክሌቶቹ ላይ ሁለተኛ ካንዴላ የጨመረው ከዚህ ለሚቀራረብ ምክንያት ነው፤ በስስ ድብልቅ፣ በቀላል ጋዝ ሲነዱ የሚሰማው መንገጫገጭ ደንበኞችን አማርሮ ነበርና።

በፋብሪካ መኪኖች ላይ የሚታየው ሁለተኛ ካንዴላ አብዛኛው የጉልበት ታሪክ አይደለም። ኒሳን በ1980ዎቹ በፒክአፖቹ ላይ ሁለት ካንዴላ ያደረገው የጭስ ብክለትን ለመቀነስ ብዙ የተቃጠለ ጋዝ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባ ስለነበር፣ ያን ድብልቅ ለማቃጠል ነው። መርሰዲስ ከ1997 ጀምሮ በቪ6 እና በቪ8 ሞተሮቹ ሦስት ቫልቭና ሁለት ካንዴላ ሲያደርግ፣ የጭስ ቫልቩን አንድ ብቻ ያደረገው ሙቀቱ ሳይባክን ካታሊስቱን ቶሎ እንዲያሞቅ ነበር፤ በ2004 ወደ አራት ቫልቭ ሲመለስ ሁለተኛው ካንዴላ አብሮ ሄደ። በ2003 የወጣው የክራይስለር 5.7 ሊትር ሄሚ አሥራ ስድስት ካንዴላ አለው፤ ጥገና ላይ የዋለ ሰው ይህን ከሒሳቡ ያውቀዋል። በእኛ አገር ስሙ ለባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ መጠሪያ የሆነው ባጃጅ ኩባንያም በዚያው በ2003 ፑልሳር በተባለው ሞተር ብስክሌቱ ላይ ሁለት ካንዴላ አደረገ፤ እዚያ የተፈለገው ትንሽ ሞተር በትንሽ ቤንዚን እንዲሄድ ነው። እነዚህን ሞተሮች እንደ ማስረጃ እየጠቀሱ ለውድድር ሞተር ሁለት ካንዴላ ያስፈልጋል ማለት አያስኬድም፤ ዓላማቸው ሌላ ነውና።

ወደ 996 እንመለስ። አራት ቫልቭ ያለው ቴስታታ ጣሪያው እንደ ቤት ክዳን በሁለት ወገን ያዘቀዘቀ፣ ቫልቮቹ ትንንሽና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ካንዴላው በትክክል መካከል ላይ ይቀመጣል። በ96 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ውስጥ ከመካከል እስከ ግድግዳ 48 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነም 11.3 ለማግኘት ትልቅ ጉብታ አያስፈልግም፤ ከመግቢያው የሚወርደው አየርም እየተገለባበጠ ነበልባሉን ያፋጥነዋል። ሁለተኛው ካንዴላ የሚፈታው ችግር በዲዛይኑ ስለ ተፈታ ሥራ አጣ። በተርቦ ሞተሮችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፦ 964 እና ተከታዩ 993 በሁለት ካንዴላ ሲወጡ የእነርሱው ተርቦ ዓይነቶች በአንድ ካንዴላ ቀሩ። በ7 ወይም በ8 ለ 1 ኮምፕሬሽን ፒስተኑ ላይ ያን ያህል ጉብታ የለም፣ ክፍሉ ክፍት ነው፣ በግፊት የገባው ጥቅጥቅ ያለ ድብልቅም በፍጥነት ይቃጠላል።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ። ቴስታታ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሆኖም በቫልቭ መቀመጫው፣ በማቀዝቀዣ ክንፎቹና በጭስ መውጫው ግድግዳ መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ለሁለተኛው 14 ሳይሆን 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ካንዴላ ይመርጣል። ቀዳዳው በፍሬዛ ላይ ቴስታታው በትክክለኛ አንግል ታስሮ መበሳት አለበት፤ የካንዴላው መቀመጫ ገጽ ከጥርሱ ጋር ቀጥ ካላለ ጋዝ ያሾልካል፣ ካንዴላውም ሙቀቱን ወደ ብረቱ ማስተላለፍ አቅቶት ይግላል። በአሮጌው ፖርሸ 911 (964ም 996ም የዚህ መኪና ትውልዶች ናቸው) አዲሱ ካንዴላ ከታች በኩል፣ በጭስ ቫልቩ ወገን ስለሚመጣ የታችኛው የቫልቭ ክዳንም መቀየር ወይም መቆረጥ አለበት። ሲበሳ ስንጥቅ የታየበትን ቴስታታ በብየዳ እሞላዋለሁ የሚል ካለ፣ ብየዳ አሉሚኒየሙን እንደሚያለሰልስና መቀመጫዎቹን እንደሚያጣምም ያስታውስ። የፒስተኑ ጉብታም ከአዲሱ ካንዴላ ፊት ለፊት መጎድጎድ አለበት፤ አለዚያ ነበልባሉ ገና ሲወለድ ብረት ይገጥመዋል። ይህን የሚዘነጋ ቶርኖ ቤት ያልተለመደ አይደለም።

ብልጭታውን የሚያከፋፍለው ክፍል የራሱ ታሪክ አለው። 964 አንዱ ዲስትሪቢዩተር ሌላውን በትንሽ ቀበቶ እያዞረ ሁለት ዲስትሪቢዩተር በአንድ ቤት ይዞ ነበር። ቀበቶው በሙቀትና ብልጭታው በሚፈጥረው ኦዞን እያረጀ ሲበጠስ ሞተሩ አይቆምም፤ በስድስቱ ካንዴላዎች መሄዱን ይቀጥላል፣ ነጂውም ጥቂት መድከሙን ካላስተዋለ አያውቅም። አደጋው ያለው በሁለተኛው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ብልጭታውን የሚያድለውና አሁን ቀጥ ብሎ የቆመው ጠቋሚ ላይ ነው። የሁለተኛው ረድፍ ብልጭታ በሙሉ በዚያ ቆሞ በቀረበት አቅጣጫ ወዳለው አንድ ሲሊንደር ይሄዳል፤ ያ ሲሊንደር ድብልቁን እየጨመቀ ሳለ ያለ ጊዜው ብልጭታ ይደርሰዋል፣ የዚያ መጨረሻ የተሰበረ ፒስተን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዲስትሪቢዩተሩን የሚያናፍስ ቱቦ በኋላ የተጨመረለት፤ የ964 ባለቤቶችም ቀበቶውን እንዲያስመረምሩ የሚመከሩት። ዛሬ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ወደ ቀበቶው የሚመለስበት ምክንያት አይታየኝም። ኮሎው ላይ ከስልሳ ጥርስ ሁለቱ የጎደሉበት መንኮራኩርና አንባቢ ሴንሰር፣ ለካንዴላዎቹ የተለያዩ ኮይሎች፣ ዲግሪውን በዙርና በጭነት የሚወስን ኮምፒዩተር፤ ከእነዚህ ጋር የሚያልቅ የሚሽከረከር ነገር የለም።

ከተገጠመ በኋላ የሚሠራው የመጀመሪያው ስሕተት የድሮውን ዲግሪ እንዳለ መተው ነው። 34 ዲግሪ ላይ የቆየ ሞተር በሁለት ካንዴላ በዚያው ከተነሣ የግፊቱ ጣሪያ ፒስተኑ ገና ላይኛው ጫፍ አካባቢ ሳለ ይደርሳል፤ ጉልበት ይወርዳል፣ ማንኳኳቱም ከአንድ ካንዴላ ይብሳል። ጥንቁቅ ገንቢ ከ22 ወይም ከ24 ይነሣና በዳይኖ ላይ ሙሉ ጋዝ እየሰጠ አንድ አንድ ዲግሪ ይጨምራል፤ ጉልበቱ መጨመሩን ባቆመበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ መለስ ብሎ ያቆማል። ሁለቱን ካንዴላዎች አንዱን ቀደም፣ ሌላውን ዘግየት አድርጎ ማስነሣት ይቻላል፤ የማዝዳ ሮታሪ ሞተሮች የተሠሩት በዚህ ነው፣ በ1991 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው 787ቢ እንዲያውም ለአንድ ሮተር ሦስት ካንዴላ ነበረው። በባለ ፒስተን የጉልበት ሞተር ላይ ግን በሙሉ ጋዝ አብሮ ማስነሣቱ ይበቃል። ፈጣን ቃጠሎ ግፊቱን በድንገት ከፍ ስለሚያደርግ የቤላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚኖችና ቡሎኖች አዲስ መሆናቸው አይከፋም።

ታዲያ ማን ያድርገው? በ80 ወይም በ84 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር፣ በ9 አካባቢ ኮምፕሬሽን የሚሠራ ባለ 2 ሊትር ሞተር ያለው ሰው ገንዘቡን ካም፣ ካርቡራቶርና ጥሩ የቫልቭ ሥራ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። 98 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር አስገብቶ፣ ጉብታ ያለው ፒስተን ይዞ፣ ኮምፕሬሽኑን ከ10 በላይ አድርጎ ከማደያ በሚቀዳ ቤንዚን ሊነዳ የሚያስብ ሰው ግን ሁለተኛውን ካንዴላ ከበጀቱ ሊያወጣው አይገባም፤ ያለ እርሱ ኮምፕሬሽኑን ከፍ አድርጎ ከዚያ ማንኳኳቱን ፈርቶ ብልጭታውን ማዘግየት የተገኘውን መልሶ መጣል ነው። በመካከል ያሉት ሞተሮች ላይ ፍርዱ በክፍሉ ቅርጽ ይወሰናል። ጠፍጣፋ ፒስተን፣ ፒስተኑና ቴስታታው እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ተቀራርበው ድብልቁን ወደ ካንዴላው የሚገፉበት ጠርዝ ካለ፣ አንድ ካንዴላ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል።

አዲስ አበባ ለሚነዳ ሞተር ከፍታው ሌላ ሒሳብ ይጨምራል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያስገባው ድብልቅ መጠኑ ያንሳል፤ ማንኳኳቱ ይርቃል፣ ቃጠሎው ስለሚዘገይ ግን ብልጭታው መቅደም ይፈልጋል። በዚህ ከፍታ 10.5 ኮምፕሬሽን በአንድ ካንዴላ ያለ ድምፅ ሊሠራ ይችላል። ያው መኪና ወደ አዳማ፣ ከዚያም ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነችው መተሐራ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም፤ አዲስ አበባ ላይ የተቀደመው ዲግሪ እዚያ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ማንኳኳት ይጀምራል። ዲስትሪቢዩተር የያዘ ሰው እየነዳ ሳለ ይህን የሚያስተካክልበት መንገድ የለውም። የአየር ግፊት የሚለካ ኮምፒዩተር የያዘ ሰው ሁለተኛ ካንዴላ ሳይጨምር ከችግሩ አብዛኛውን ያቃልላል፤ በደጋና በቆላ መካከል ለሚመላለስ ሞተር ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው።

የዘመኑ የውድድር ሞተሮች ፈጣን ቃጠሎን በሌላ መንገድ እየፈለጉት ነው። በ2014 የመጣው የፎርሙላ አንድ ደንብ ለአንድ ሲሊንደር ከአንድ ካንዴላ በላይ ስለማይፈቅድ፣ መሐንዲሶቹ ካንዴላውን ቀዳዳ ባላት ትንሽ ቅድመ ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ በቅድመ ክፍሏ የተነሣው እሳት በቀዳዳዎቹ በኩል እንደ ብዙ ጅራፍ ወደ ዋናው ክፍል ይወረወርና ድብልቁን ባንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ይይዘዋል። ማሴራቲ በ2020 ይህንን አሠራር ኔቱኖ በተባለው ባለ 3 ሊትር ቪ6 ሞተር ወደ መንገድ መኪና ሲያመጣ 630 የፈረስ ጉልበት አገኘበት። በዚያ ሞተር ላይም በየሲሊንደሩ ሁለት ካንዴላ አለ፤ ነገር ግን የሁለተኛው ሥራ ተለውጧል። የጉልበቱን ሥራ በመካከል ያለችው ቅድመ ክፍል ትይዘዋለች፤ በጎን ያለው ተራ ካንዴላ የተቀመጠው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ በሚኒሞና በቀላል ጭነት ሲሠራ፣ ቅድመ ክፍሏ በደንብ የማትይዘውን ድብልቅ እንዲያቃጥል ነው።